ጋቢ ጠጋኞች እርስ በርስ የሚንሾካሾኩት

ጋቢያችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ወደ ሱቃችን ስትገቡ ቀዳዳውን ልታሳዩን ትቸኩላላችሁ። የእኛ እጅ ግን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ዘርፉ ነው። ከዳር አንዲት ክር መዝዘን በሁለት ጣት ይዘን ቀስ ብለን እንስባታለን። ክሯ ትንሽ ተሟግታ ከተበጠሰች ልብሱ ገና ዕድሜ አለው። ሳትሟገት ብትን ካለች ግን የሚታየው ቀዳዳ አንድ ቢሆንም ነገ የሚከፈቱት ሌሎች ቀዳዳዎች እዚያው ሸማ ውስጥ ተኝተዋል ማለት ነው። ይህን ፍተሻ የምናደርገው እናንተ ዋጋ እየጠየቃችሁን ሳለ ስለሆነ አታስተውሉትም። የምንነግራችሁንም ዋጋ ከቀዳዳው ስፋት ይልቅ የምትወስነው ያቺ ክር ናት።

ከመደርደሪያው ጀርባ የምናወራውን ወደ ፊት ሳወጣ ደስ የማይላቸው የሙያ ባልደረቦች ይኖራሉ። ይሁን። እጄ ላይ ከሚወድቁት ጋቢዎች፣ ኩታዎችና የሐበሻ ቀሚሶች ብዙዎቹን የጎዳቸው እርጅና ሳይሆን የቀድሞ ጥገናቸው ነው። ጠጋኝ ያበላሸውን መልሶ መጠገን ከመጀመሪያው ሥራ እጅግ ይከብዳል፤ አንዳንዴም አይቻልም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ፦ በእጅ የተሸመነ ልብስ ከራሱ በበረታ ክር ከተሰፋ ይቀደዳል። ሌላው የምነግራችሁ ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ጋቢን ወደ መስኮት ብርሃን አንስቶ ማየት ይበቃል። በቁመት የተዘረጋው ድር ዛሬ በአብዛኛው ከፋብሪካ የሚመጣ፣ ቀጭንና በደንብ የከረረ ክር ነው። በአግድም የሚገባው ማግ ደግሞ፣ ጋቢው የምር የፈትል ከሆነ፣ ሴቶች ጥጡን ዳምጠው፣ ነድፈው፣ በእንዝርት የፈተሉት ነው። ፈትል አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ይላል፤ ክረቱም ላላ ያለ ነው። ጋቢ የሚሞቀው በዚሁ ልልነቱ ነው፤ ክሩ በውስጡ አየር ይይዛል። ቶሎ የሚላገውም በዚያው ምክንያት ነው። ጉልበትና ክርን በሚያርፍበት ቦታ መጀመሪያ የሚሄደው ማጉ ነው፤ ድሩ ብቻውን ቀርቶ ቀጥ ቀጥ ብሎ ይታያል። ይህን ስናይ እኛ ደስ ይለናል። ድሩ ካለ ሥራችን ማጉን መመለስ ብቻ ነው። ሁለቱም ከሄዱ ግን መርፌ ይዘን ሸማኔ መሆን አለብን።

የጋቢ አራት ድርብ መሆን ደግሞ ሌላ መውጫ ይሰጠናል። የውስጠኞቹ ድርቦች ፀሐይ አያዩም፣ ወንበር አይነካቸውም፣ የእጅ ላብ አያገኛቸውም። ውጪው በሙሉ ሳስቶ ውስጡ ደህና ከሆነ፣ አገጣጠሙ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ዳሩን ፈትተን ውስጡን ወደ ውጪ እናወጣዋለን። የድሮ ልብስ ሰፊዎች የሸሚዝ ኮሌታ ሲያልቅ ነቅለው ገልብጠው ይሰፉት ነበር፤ ይህም የዚያው ብልሃት ዘመድ ነው። ለደንበኛ ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ከተነገረ «ታዲያ አዲስ ነገር ሳትጨምሩ ምን አስከፈላችሁኝ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ ቀላል ነው፤ ያስከፈልናችሁ ስፌቱን ሳንቆርጥ አንድ በአንድ የፈታንበትን ሰዓት ነው።

ቀዳዳው ከየት እንደመጣ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። አንዲት እናት መጥተው ነጠላቸውን ዘርግተው «የኔ ልጅ፣ ብል በላብኝ» ይላሉ። እኔም «እማማ፣ ብል አይደለም፤ ቡና ሲያፈሉ የፈናጠረ ፍም ነው» እላለሁ። አያምኑኝም። የቀዳዳውን ጠርዝ በጣቴ እያሻሸሁ ጠቆር ያለውንና የሚፈረፍረውን ዳር አሳያቸዋለሁ። ብል የሱፍና የጠጉር ጠላት ነው፤ ንጹሕ ጥጥ ምግቡ አይደለም። ወደ ጥጥ ልብስ የሚመጣው ልብሱ ላይ የቀረ ነገር ሲኖር ነው፤ ከፀጉር የወረደ ቅቤ፣ የወጥ ጠብታ፣ ላብ። ስለዚህ በሣጥን ውስጥ ናፍታሊን ከመበተን በፊት ሳያጥቡ አለማስቀመጥ ይበልጣል። ክብ ክብ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብዙውን ጊዜ የረከቦቱ ዙሪያና የእጣን ማጨሻው ሥራ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡት ነጠላዎች ደግሞ የጧፍ ሰም ይዘው ይመጣሉ። ሰሙን በጥፍር መፋቅ ማጉን ይነቅላል፤ ከላይና ከታች ንጹሕ ወረቀት አድርጎ በለብታ ካውያ መጫን ግን ሰሙን ወደ ወረቀቱ ያወጣዋል።

ሁሉንም የሚያስንቀው ገዳይ ግን በረኪና ነው። ይህን ስጽፍ ድምፄን ከፍ ማድረግ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። በረኪና ልብሱን የሚያነጣው ቆሻሻውን ብቻ እየበላ አይደለም፤ ጥጡ የተሠራበትን አካል ራሱን እየሰባበረ ነው። ታጥቦ ሲወጣ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ደህና ይመስላል። ጉዳቱ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ልብሱን ሲጠመዝዙት ወይም በትከሻ ላይ ጎተት ሲያደርጉት ረጅም ቀጥ ያለ ቅድ ይወጣል። የዘርፉ ክር ሳትሟገት ብትን የምትለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ነጭነትን ፍለጋ ልብሱን ማጣት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ነው።

እናቶቻችን ሸማ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ ቆሻሻውን ያነሣል፤ እንደ በረኪና ግን ጥጡን አይሰባብርም። ንጣቱን ደግሞ ሣር ላይ ሲያሰጡት ፀሐይ ትጨርስላቸዋለች። እግረ መንገዴን፣ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነበር እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት። ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። የአንድ ትልቅ ግኝት መነሻ የሸማ ማጠቢያ መሆኑ እኛን ጠጋኞችን ያኮራናል።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ። ሱቅ ውስጥ በየመደርደሪያው የተደረደረው የስፌት ክር በአብዛኛው ፖሊስተር ነው። ለጂንስና ለሻንጣ ግሩም ነው። የተላጋ ጋቢ ላይ ሲገባ ግን በጎተቱት ቁጥር አጠገቡ ያለውን ለስላሳ ፈትል ይቆርጠዋል። ጥገናው እንዳለ ይቀራል፤ ዙሪያው ይወድቃል። በሙዚየም ልብስ የሚጠብቁ ባለሙያዎችም መርሐቸው ይኸው ነው፦ ጉልበት ሲመጣ መጀመሪያ መበጠስ ያለበት ጥገናው እንጂ ልብሱ አይደለም። የተበጠሰ ጥገና ነገ እንደገና ይሠራል፤ የተበጠሰ ሸማ ግን ከነበረው አንሶ ነው የሚመለሰው።

ታዲያ ክሩ ከየት ይመጣል? ዋናው ሹክሹክታ እዚህ ጋ ነው። ከራሱ ከልብሱ እንሰርቃለን። ዘርፉ የድሩ ጫፍ ስለሆነ፣ ረዘም ያለ ዘርፍ ካለ ከተለያየ ቦታ ጥቂት ጥቂት እንመዛለን፤ ማንም አያውቅም። ከድርቦቹ መሃል፣ ስፌቱ ሥር ከታጠፈው ትርፍ ደግሞ ማግ እናወጣለን። ያ ክር ከልብሱ ጋር ታጥቧል፣ ከልብሱ ጋር ፀሐይ ላይ ውሏል፣ ቀለሙም ሸካራነቱም የልብሱ ነው። ሳይበቃ ሲቀር ከገበያ አዲስ ፈትል እንገዛለን፤ ግን እንዲሁ አናስገባውም። አዲስ ፈትል ደረቅና ቀለሙ ወደ ክሬም የሚያደላ ነው፤ በተለይ ደግሞ ገና አልተሰበሰበም። ከመግባቱ በፊት በሙቅ ውኃ ደጋግሞ መታጠብና በፀሐይ መድረቅ አለበት። አንዳንድ ጠጋኞች አሮጌ እንዲመስል ሻይ ውስጥ ይነክሩታል። ለጊዜው ያምራል፤ ከቆየ በኋላ ግን ጥገናው ከዙሪያው ተለይቶ ይጠቁራል፤ ስለዚህ እኔ አላደርገውም። አሮጌ ልብስ ላይ ያልታጠበ አዲስ እራፊ መጣፍ የሚያመጣውን ጉዳት ወንጌል እንኳ በምሳሌ አስተምሮበታል፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 9ን የሚያነብ ልብስ ጠጋኝ ሁሉ ያ ምሳሌ ከሙያው ውስጥ የወጣ መሆኑ ይገባዋል። አዲሱ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ አሮጌውን ይዞት ይሄዳል።

ሥራው ራሱ ዝምታ ይፈልጋል። በድርቦቹ መሃል ለስላሳ ካርቶን እናስገባለን፤ አለበለዚያ አራቱ ድርብ አንድ ላይ ተሰፍተው ይገኛሉ። መርፌው ጫፉ ደነዝ ያለ መሆን አለበት፤ ሹል መርፌ ክሩን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ደነዙ ግን በክርና በክር መሃል መንገዱን ይፈልጋል። ቋጠሮ የለም። ልል ሸማ ላይ ቋጠሮ ሾልኮ ይወጣል፤ ወጥቶም ቀዳዳ ይተዋል። የምንጀምረው ከቀዳዳው አፍ ሳይሆን ጤነኛው ሸማ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ገብተን ነው። መጨረሻችንም እኩል መስመር ላይ አያርፍም፤ አንዱን ክር አስረዝመን ሌላውን አሳጥረን እንተዋለን፤ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ካለቁ ያ መስመር የነገው መቀደጃ ይሆናል። መርፌው ዞሮ ሲመለስ ክሩን ጥብቅ አናደርገውም። በየመታጠፊያው ትንሽ ጉብ ያለች ትርፍ እንተዋለን፤ ሲታጠብ ያቺ ትርፍ ገብታ ትስተካከላለች። ጀማሪ ጠጋኝን የምንለየው በዚች ትርፍ ነው። ጀማሪው ሥራው ጠረጴዛ ላይ ሳለ እንዲያምር ይፈልጋል፤ የቆየው ሰው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ እንዲያምር ይሠራል።

መጀመሪያ ድሩን እንዘረጋለን፣ ከዚያ ማጉን አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያሳለፍን እንሞላለን። የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ግማሽ ቀን ልትበላ ትችላለች። ለዚህም ነው የጥገና ዋጋ አንዳንዴ ከአዲስ ነጠላ ዋጋ ጋር የሚፎካከረው፤ ደንበኛም የሚቆጣው። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን የአባታቸውን ጋቢ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስለ አዲስ ነጠላ ዋጋ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ስለ አቋራጮቹ። የመጀመሪያው የስፌት መኪና ነው። ቀዳዳው ሥር እራፊ ጨርቅ ተደርጎ በመኪና ወዲያና ወዲህ ይመታል፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። መርፌው በነካው ቦታ ሁሉ ፈትሉን ይበሳዋል፤ የተመታው ቦታ እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል፤ በደረቁና በለስላሳው ድንበር ላይ አዲስ ቅድ ይጀምራል። ሁለተኛው በካውያ የሚለጠፍ ማጣበቂያ ነው። ሙጫው በሸማው ልል ሽመና ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ከገባም አይወጣም፤ እኛም ከዚያ በኋላ መርፌ ማሳለፍ አንችልም። ሦስተኛው ከሁሉ የሚያናድደኝ ነው፤ የሳሳውን ዳር ቆርጦ ጥሎ ልብሱን አሳጥሮ መመለስ። ደንበኞቹ «ዳሩን አስተካከልንልዎ» ይባላሉ። ጥለቱና ዘርፉ ከሄዱ ከልብሱ ምን ቀረ?

ፈትል ነው ተብሎ የተሸጠላችሁን ክር ወይም ጋቢ የምትጠራጠሩ ከሆነ ከዘርፉ አንዲት ክር ቆርጣችሁ በክብሪት ለኩሷት። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድዳል፤ በጣት ሲያሹት የሚበን ስስ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጉብታ ይሠራል። ይህን በሻጩ ፊት ማድረግ ስለሚያስቀይም እኛ ሁልጊዜ ክሯን ይዘን ሱቃችን መጥተን ነው የምናደርገው።

ቀሚስ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። የሐበሻ ቀሚስ ላይ መጀመሪያ የሚሞተው ጨርቁ እንጂ ጥልፉ አይደለም። ጥልፍ በክር የጠነከረ ስለሆነ ይደርቃል፤ ዙሪያው ያለው ለስላሳ ሸማ ሲታጠፍና ሲታጠብ በጥልፉ ጠርዝ ላይ ይሰበራል። አንገቱ ሥርና መስቀሉ ግርጌ ላይ ቀጭን ቀጭን ቅድ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ከጥልፉ በሰፋ ስስ የጥጥ ጨርቅ ከጀርባ ደግፈን በእጅ እንወሰውሰዋለን፤ ቀሚሱ ብዙ ዓመት ይጨምራል። ከዘገየ ጥልፉን እናድናለን። ጣት የምታህል ጨርቅ በዙሪያው ትተን እንቆርጠዋለን፣ ዳሩን ወደ ኋላ አጥፈን አዲስ ሸማ ላይ በጥቃቅን የእጅ ስፌት እናሳርፈዋለን። ዘንድሮ በሰርግ ላይ ከምታደንቋቸው ቀሚሶች መካከል ደረታቸው ከሴት አያት፣ አካላቸው ከሽሮ ሜዳ ገበያ የሆኑ አሉ።

ጥልፉ የእጅ ይሁን የመኪና ለማወቅ ጀርባውን ገልብጡ። የመኪና ጥልፍ ጀርባው ሥርዓት አለው፤ ከሥር የሚመጣው ክርም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነጭ ነው። የእጅ ጥልፍ ጀርባ ላይ የጠላፊዋን መንገድ ታያላችሁ፤ ክሩ ከአበባ ወደ አበባ ይዘልላል፣ አንድ ቦታ ይበዛል፣ ሌላ ቦታ ይቸግራል። እንደነዚያ ያሉትን ስፈታ እጄ ይከብደኛል።

ጥለት ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ቀለም የሚለቅ መሆኑን ሳታረጋግጡ ውኃ ውስጥ አታስገቡት፤ ነጭ ጨርቅ አርሳችሁ ጥለቱ ላይ ለትንሽ ጊዜ ጫን አድርጉ፣ ጨርቁ ከቀላ ወይም ካረንጓደደ ልብሱ አብሮ አይታጠብም። ሌላው፣ የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር ብዙ ጊዜ ጥጥ አይደለም። ሬዮን ከሆነ ሲረጥብ ጉልበቱን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ እርጥብ ጥለት አይጠመዘዝም፣ በጥለቱ በኩልም ሽቦ ላይ አይንጠለጠልም። በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፤ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይደርቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማይድን ልብስ አለ። ያኔ ነው ሥራችን ወደ ፈጠራ የሚዞረው፤ እኔም በሙያዬ የምወደው ቦታ እዚያ ነው። አገራችን ድሪቶን የምታውቀው በድህነት ነው። በየመንደሩ እየዞረ የሚማር የቆሎ ተማሪ፣ እራፊ በእራፊ ላይ እየደረበ የሚለብስ ምስኪን ትዝ ይለናል። ስለዚህ ከአሮጌ ሸማ ቁርጥራጭ የአልጋ ልብስ እንሥራ ስል ደንበኞች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ለነሱ የምነግራቸው የአላባማን ሴቶች ታሪክ ነው።

ጊስ ቤንድ በአሜሪካ አላባማ ወንዝ መታጠፊያ ላይ ያለች መንደር ናት፤ ነዋሪዎቿ የባሮች ዘሮች የሆኑ ጥቁር ቤተሰቦች ናቸው። ሴቶቹ ባረጀ የሥራ ልብስ፣ በቱታና በጂንስ ቁርጥራጭ የሰፉት ድርብ የአልጋ ልብስ ብርድ ለመከላከል የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የእነዚያን ሥራዎች ምስል በ10 ቴምብሮች አተመ። ከመካከላቸው እኔን የሚይዘኝ ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 የሰፉት ነው። ባላቸው ሲሞቱ የሥራ ልብሶቻቸውን ቆራርጠው ሰፉት፤ ጉልበቱ ላይ የተላጋው፣ ፀሐይ የነጣው ሁሉ እንዳለ ይታያል። እኛም አገር የሟች ጋቢ ወይ ለሰው ይሰጣል ወይ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ለሐዘንተኛ ስናገር በጣም እጠነቀቃለሁ፤ ዓመት ሳይሞላ አላነሣውም።

ከኛው ዘንድም ኤልያስ ስሜ አለ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ከወዳደቀ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦ በሚሠራቸው ግዙፍ ሥዕሎች ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በሸራ ላይ በክር እየሰፋ፣ አዝራር እየደረደረ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ላይ ያሳየው ዐውደ ርዕይ በስሙ ሳይቀር የመርፌን ዓይን ይዞ ነበር። ከመስከረም አሰግድ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ የከፈቱትን ዞማ ሙዚየም ያያችሁ ለወዳደቀ ነገር ያላቸው አክብሮት የት እንደሚያደርስ አይታችኋል። የኤልያስን የክር ሥራዎች ሳይ እንደ ጠጋኝ የማየው አንድ ነገር አለ፤ ስፌቱ አይደበቅም።

ከአሮጌ ሸማ ድርብ ልብስ ለመሥራት የምትፈልጉ ሁሉ የምታበላሹት በመቁረጡ ላይ ነው። ሸማ በመቀስ በዓይን ግምት አይቆረጥም፤ ይንሸዋረራል። አንዲት ክር ከዳር እስከ ዳር መዝዛችሁ አውጡ፤ ክሯ የተወችው መስመር ቀጥታ መንገድ ይሰጣችኋል፤ መቀሱ በሱ ላይ ይሂድ። የሸማ ጠርዝ ስለሚተረተር ለስፌት የምትተዉት ትርፍ ለፋብሪካ ጨርቅ ከምትተዉት እጥፍ ይሁን። የሳሳውን ቁራጭ ብቻውን አትስፉት፤ ስስ የጥጥ ጨርቅ ከሥሩ ወስውሱለት። መሃል የሚገባው ሙሊት የውጪ አገር ስፖንጅ መሆን የለበትም፤ ውጪው ያለቀ የጋቢ ውስጠኛ ድርብ ከማንም ሙሊት ይሻላል፤ ታጥቦ ታጥቦ መሰብሰቡን ጨርሷል። ላዩን፣ ሙሊቱንና ሥሩን ደርቦ የሚይዘው ስፌት በእጅ፣ በጥጥ ክር፣ ረዘም ባለ እርምጃ ይሁን። ስድስት ዘንግ ካለው የጥልፍ ክር ሁለቱን ዘንግ ብቻ መውሰድ ይበቃል። ጥለቶቹን ዳር ላይ ለመደርደር አትቸኩሉ። መሃል ላይ፣ ሰው በማይጠብቀው ቦታ ሲገቡ የተለየ ሕይወት አላቸው።

በውጪ አገር ለምትኖሩ አንድ ቃል አለኝ። ከዋሽንግተንና ከዱባይ በሻንጣ ተመልሰው የሚመጡልን ጋቢዎች ጉዳታቸው ተመሳሳይ ነው፤ ማጠቢያ ማሽንና ማድረቂያ። ዘርፉ በማሽኑ ውስጥ ተጠላልፎ ዳሩን ይነቅላል፤ የማድረቂያው ሙቀት ማጉንና ድሩን እኩል ስለማይሰበስባቸው ጋቢው ይወላገዳል። የተወላገደን ጋቢ ቀጥ የሚያደርግ ጠጋኝ አላየሁም። በእጅ ማጠብ የማይመች ከሆነ ዘርፉን በጥቅል በጥቅል በላላ ክር አስራችሁ፣ በመረብ ከረጢት ከትታችሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃና በዝግታ አሽከርክሩት፤ ማድረቂያ ውስጥ ግን በፍጹም።

ወደኛ ስትመጡ ልብሱን አጥባችሁ፣ ሳትተኩሱት አምጡ። ካውያ የተኮሰው ሸማ ጉዳቱን ይደብቃል፤ ቆሻሻ ልብስ ላይ ደግሞ የክሩን ቀለም ማመሳሰል አይቻልም። የተቆረጠ ዘርፍ፣ የተረፈ ጥለት፣ ቀሚሱ ሲሰፋ የተመለሰላችሁ ቁራጭ ቤት ውስጥ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ለእናንተ ብጣሽ ነው፣ ለእኛ ግን ከየትም የማይገዛ ክር ነው። «በምን ክር ነው የምትሠሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠጋኙ ወደ መደርደሪያው ካመለከተ ልብሳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ወደ ልብሱ ዳር ካመለከተ ተቀመጡ።

ስትረከቡ ደግሞ እጥፉን ሳትፈቱ ከፍላችሁ አትሂዱ። ጥገናውን ወደ ብርሃን አንሡት፤ ከዚያ በሁለት እጅ ይዛችሁ በሰያፍ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ከዙሪያው ጋር አብሮ ከተንቀሳቀሰ ተሠርቷል። ከተኮማተረ ወይም ጠርዙ ላይ ብርሃን ከሾለከ መልሱልን፤ ፈትተን እንደገና እንሠራዋለን፤ እኔ ጋ ከሆነ ሁለተኛ ክፍያ የለውም።